ታቃፊዋ ዶሮም በዕቅድ ውስጥ ትግባ

የዶሮ ልማት ሪፖርት በቀረበ ቁጥር ቀድሞ የሚነሳው የተሰራጨው ጫጩት ብዛት ነው። ይህን ያህል ሺህ የአንድ ቀን ጫጩት ለአሳዳጊ ማኅበራት፣ ይህን ያህል የ45 ቀን ጫጩት ለአርሶ አደሮች መሰጠቱ ይገለጻል። በ2015 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የሌማት ትሩፋት መርሃ ግብር ዶሮን ከወተት፣ ከማርና ከዓሣ ጋር አሰልፎ ትኩረት ከሰጠው ወዲህ ይህ ቁጥር ይበልጥ ጎልቶ ይሰማል። ዶሮ ያልነበረው ቤተሰብ ዶሮ ማግኘቱ፣ ሥራ ያልነበረው ወጣት ጫጩት አሳድጎ መሸጡ የሚያስመሰግን ነው። ከሪፖርቱ ውስጥ ግን ሁለት ቁጥሮች ዘወትር ይጎድላሉ። በየአርሶ አደሩ ቤት በታቃፊ ዶሮ ሥር ስንት ጫጩት ተፈለፈለ? ከተፈለፈለውስ ስንቱ ለገበያ ደረሰ?

ይህ ትንሽ ጉድለት አይደለም። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2013 ዓ.ም. ባወጣው የእንስሳት ሀብት የናሙና ጥናት መሠረት በአገሪቱ ካሉት 57 ሚሊዮን ያህል ዶሮዎች ከ10ሩ ስምንት የሚጠጉት የአገር ውስጥ ዝርያ ናቸው። እነዚህን ዶሮዎች የፈለፈላቸው ፋብሪካ አይደለም፤ በጓዳ ጥግ፣ በቁና ወይም በተሰበረ ገንቦ ውስጥ በጭድ ላይ የታቀፈች እናት ዶሮ ናት። አብዛኛው የአገሪቱ ዶሮ የሚፈለፈልበት ሥፍራ ከዕቅድ፣ ከሥልጠናና ከበጀት ውጭ ሆኖ መቆየቱ ሊያነጋግር ይገባል።

የሚሰራጨው ጫጩት ብዙ ሥራ ቢሠራም የራሱ ገደብ አለው። አብዛኛው ድቅል ነው። ዶሮዋ አንድ ዓመት ወይም ከዚያ ትንሽ በላይ በደንብ ትጥላለች፤ ከዚያ ትሸጣለች ወይም ትታረዳለች። ቤተሰቡ እንደገና ዶሮ እንዲኖረው ከተፈለገ ሌላ ዙር ሥርጭት መጠበቅ አለበት። መኪናው ካልመጣ፣ መንገድ ከተስተጓጎለ፣ የመኖ ዋጋ አሳዳጊውን ካከሰረው ወይም የወረዳው ኮታ ካለቀ የዶሮው ቤት ባዶ ይሆናል። ያን ጊዜ ቤተሰቡ የሚመለሰው ወደዚያችው ወደ ሐበሻዋ ዶሮ ነው። እሷ ራሷን ትተካለች። መንገድ ተከፈተ ተዘጋ አትልም፤ መብራት መጣ ሄደ አትጠይቅም።

ታዲያ መንግሥትም፣ ባለሙያውም፣ ቤተሰቡም ለታቃፊዋ ዶሮ ሊሰጧት የሚገባው ቦታ የትኛው ነው? ጫጩት ከማከፋፈሉ ሥራ ጋር ሊወዳደር የሚገባ ጉዳይ አይደለም። ከተማ ዙሪያ በቤት ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ዶሮ የሚያረባ ሰው ከትልልቅ መፈልፈያዎች የሚመጣ ጫጩት ያስፈልገዋል። በመፈልፈያው ውስጥ በመጀመሪያው ቀን ክትባት የተሰጠው፣ ዕድሜውና ዝርያው አንድ ዓይነት የሆነ ጫጩት የሚያገኘው ከዚያ ነው። በገጠር አምስትና ስድስት ዶሮ ላላት እናት ግን የዶሮ ልማት በራሷ ቤት የሚጀምር፣ በራሷ ቤትም የሚቀጥል ሊሆን ይገባል።

ዶሮዋ ለምን ተናቀች?

ባለሙያዎች ታቃፊዋን ዶሮ ችላ የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም። የአገር ውስጥ ዶሮ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 የሚሆን እንቁላል ነው። ለእንቁላል ተመርጠው የተዳቀሉት በተሟላ አያያዝ ወደ 300 ይጠጋሉ። የሐበሻዋ ዶሮ ከምትጥልባቸው ቀናት ይልቅ በማቀፍና ጫጩት በመምራት የምታሳልፋቸው ይበዛሉ። በብዙ አካባቢ እናቶች እንቁላል ሲፈልጉ ዶሮዋ ማቀፏን እንድትተው ጎረቤት ቤት ወስደው ያሳድሯታል፣ ቁልቁል ይሰቅሏታል፣ በአፍንጫዋ ቀዳዳ ላባ ያስገባሉ። ይህ ሁሉ ዘዴ የሚያሳየው ማቀፍ ዋጋ የሚያስከፍል መሆኑን እናቶች ከማንም በፊት ማወቃቸውን ነው።

ሂሳቡ ቢሠራ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። አንዲት ዶሮ 20 ቀን ያህል ትጥላለች እንበል። 21 ቀን ታቅፋለች። ከፈለፈለች በኋላ ሁለት ወር ያህል ጫጩቶቿን ይዛ ትዞራለች። ሲደመር ከ100 ቀን በላይ ይሆናል። ስለዚህ በዓመት ይህን ዑደት መድገም የምትችለው ሦስት ጊዜ፣ ቢበዛ ከዚያ ትንሽ በላይ ነው። ከዚህ ውስጥ ትልቁን ጊዜ የሚወስደው የታቀፈችበት 21 ቀን ሳይሆን ጫጩት ስትመራ የምትቆይበት ሁለት ወር ነው። ጫጩቶቹን በጥቂት ቀናት ውስጥ ከእናታቸው ለይቶ ማሳደግ ቢቻል ዶሮዋ ጥቂት ሳምንታት አርፋ ወደ መጣል ትመለሳለች። ዑደቱ ወደ 60 ቀን ዝቅ ቢል በዓመት አምስትና ስድስት ዙር ማለት ነው።

ሌላው ጉዳት ይበልጥ ያሳዝናል። ጥሩ እንቁላል የተሰጣት የሐበሻ ዶሮ ካቀፈችው 10 እንቁላል ሰባቱን ወይም ስምንቱን ትፈለፍላለች። ይህን ውጤት ብዙ አነስተኛ ማሽኖች አያገኙትም። ነገር ግን በአገሪቱ መንደሮች በተደጋጋሚ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ከተፈለፈሉት ጫጩቶች ግማሽ ያህሉ ሁለት ወር ሳይሞላቸው ያልቃሉ። ጭልፊት ይወስዳቸዋል፤ ሽለምጥማጥ ሌሊት ይገባባቸዋል፤ ብርድና ዝናብ ይገድላቸዋል፤ ፈንግል በአንድ ሳምንት ጠራርጎ ይጨርሳቸዋል። እንግዲህ ችግሩ ከመፈልፈል በኋላ ያለው ነው። ማሽን በማደል ብቻ የማይፈታውም ለዚህ ነው።

ከጥሩ እንቁላል ይጀመራል

ጥሩ ጫጩት የሚገኘው ዶሮዋ ከመታቀፏ በፊት በሚደረግ ምርጫ ነው። ለስምንት እስከ 10 ሴት ዶሮ አንድ ጤነኛ አውራ ዶሮ ያስፈልጋል። አውራ ዶሮውን ለበዓል ሸጦ ወይም አርዶ እንቁላል ማስታቀፍ ለ21 ቀን ባዶ ድካም ነው። አውራ ያልነካው እንቁላል ለምግብ ይሆናል እንጂ ጫጩት አይሆንም። ከሱቅ የተገዛ የእርባታ ድርጅት እንቁላል አስታቅፈው ጫጩት የሚጠብቁ ሰዎች የሚያዝኑት በዚሁ ምክንያት ነው፤ እንቁላል ለገበያ በሚያመርቱ ቤቶች አውራ ዶሮ አይቀመጥም።

ለማስታቀፍ የሚመረጠው እንቁላል መካከለኛ መጠን ያለው፣ ቅርፊቱ ያልተሰነጠቀ፣ ያልሳሳና ያልቆሸሸ ነው። የቆሸሸውን በውሃ ማጠብ አይመከርም። ቅርፊቱን የሚሸፍነው ስስ መከላከያ ሲታጠብ ይነሳና ተሕዋስያን በቀላሉ ወደ ውስጥ ይገባሉ። የሚሻለው የምትጥልበትን ጎጆ በደረቅ ጭድ ንጹሕ አድርጎ መያዝ ነው።

የማቆያው ጉዳይ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። እንቁላል ከተጣለ በሰባት ቀን ውስጥ ቢታቀፍ ይመረጣል፤ ከ10 ቀን ካለፈ የመፈልፈል ዕድሉ በየቀኑ ይቀንሳል። የሚቀመጥበት ቦታ ቀዝቀዝ ያለ፣ ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ሴልሽየስ አካባቢ ቢሆን መልካም ነው። ሰፊው ጫፍ ወደ ላይ ይሁን። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ደጋ ይህ አያስቸግርም። እንደ መተማ ባለ ቆላ ግን በቆርቆሮ ጣራ ሥር የተቀመጠ እንቁላል ሳይታቀፍ በሙቀቱ ብቻ በውስጡ ያለው ሽል ማደግ ይጀምርና መንገድ ላይ ይሞታል። በቆላ አካባቢ እንቁላሉን በእርጥብ አሸዋ ላይ በተቀመጠ የሸክላ ዕቃ ውስጥ ማቆየት፣ ቀኑንም ማሳጠር ያስፈልጋል።

ዶሮዋ የምትታቀፍበት ቦታ ጨለም ያለ፣ ጸጥ ያለ፣ ልጆችና ሌሎች ዶሮዎች የማይደርሱበት ይሁን። እንቁላሉን ማታ ላይ ማስገባቱ ዶሮዋ ሳትደነግጥ እንድትቀበለው ይረዳል። ለሐበሻ ዶሮ የራሷ እንቁላል ከሆነ ከ10 እስከ 13 ይበቃታል። የራሷ እንቁላል 40 ግራም ያህል ሲመዝን የተሻሻለው ዝርያ እንቁላል 60 ግራም አካባቢ ስለሚደርስ የዚህኛው ከ8 እስከ 10 ቢሆን ነው ሁሉንም በሚገባ የምታሞቀው። ከክንፏ ውጭ የቀረ አንድ እንቁላል በየተራ እየተገላበጠ ሌሎቹንም ያበላሻል።

ታቃፊ ዶሮ በቀን አንድ ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለምትነሳ ጥሬና ንጹሕ ውሃ ቅርቧ ሊሆን ይገባል። ርቃ ከሄደች እንቁላሉ ይቀዘቅዛል፤ እሷም በርሃብ ትከሳለች። ከመታቀፏ በፊት የምትተኛበትን ቁና ወይም ገንቦ ፀሐይ ላይ ማድረቅ፣ ጭዱን መቀየርና ከሥሩ አመድ መነስነስ ቅማልና ቁንጫ እንዳያስነሳት ይረዳል። በተባይ የተወረረች ዶሮ ጎጆዋን ጥላ ትሄዳለች።

በሰባተኛው ቀን ማታ በጨለማ ቤት እንቁላሉን በሞባይል መብራት ፊት ማየት ማንም ሊያደርገው የሚችል ሥራ ነው። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጉ የደም ሥሮች ከታዩ ሽሉ እያደገ ነው። ጥርት ብሎ ከታየ አውራ ያልነካው ነው፤ ይወጣል። ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ቀን ካስታቀፉ በዚህ ቀን የቀሩትን ደህና እንቁላሎች አንድ ላይ አድርገው ለአንዷ ዶሮ መስጠት ይችላሉ። ሌላዋ ዶሮ አዲስ እንቁላል ታቅፋለች ወይም ወደ መጣሏ ትመለሳለች። ይህን የሚያስተምር የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ገንዘብም መኪናም አያስፈልገውም።

የሣር ሣጥንና አንዲት ጠብታ ክትባት

ትልቁ ትርፍ ያለው ከ21ኛው ቀን በኋላ ባሉት ሁለት ወራት ነው። አንድ ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል። ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየቀነሰ ይሄዳል። ይህን ሙቀት በኤሌክትሪክ አምፖል ለማግኘት መብራት ያስፈልጋል። በከሰል ለማግኘት ደግሞ ጭሱና የእሳት አደጋው ያሰጋል። ለዚህ መልስ የሚሆነው በአገሪቱ ለዓመታት ሲሞከርና ሲተዋወቅ የቆየው የሣር ሣጥን ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። በእንጨት ሣጥን መካከል ጫጩቶቹ የሚያድሩበት ትንሽ ክፍል ይተዋል። ዙሪያው በደረቅ ሣር ይታጨቃል። ከላይም ሣር የተሞላበት ሽፋን ይደረጋል፤ አየር የሚገባበት ቀዳዳም አይዘጋም። ሣሩ የጫጩቶቹን የራሳቸውን የሰውነት ሙቀት ይዞ ያቆያል። ቀን ቀን በተከለለ ሥፍራ ይለቀቃሉ፣ ማታ ይገባሉ።

ይህ ሣጥን አንድ ነገር ይጠይቃል። ጫጩቶቹ በቁጥር በርከት ማለት አለባቸው፤ አምስትና ስድስት ብቻ ከሆኑ ሙቀታቸው አይበቃም። ስለዚህ ሦስትና አራት ጎረቤታሞች ዶሮዎቻቸውን በአንድ ሳምንት ውስጥ ቢያስታቅፉ ጫጩቶቹን በአንድ ሣጥን በጋራ ማሳደግ ይችላሉ። ለጎረቤት ቡና የሚጠራሩ እናቶች ለዚህ የሚሆን መዋቅር አያጡም። ጫጩቶቹ ከጭልፊትና ከሽለምጥማጥ ይጠበቃሉ። እናቲቱ ዶሮም ቀደም ብላ ወደ እንቁላሏ ትመለሳለች። ከላይ የተሠራው የ60 ቀን ሂሳብ በተግባር የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ፈንግል ነው። ፈንግል የገባበት መንደር የዶሮ ቤቱ በአንድ ሳምንት ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ከገባም በኋላ መድኃኒት የለውም። ያለው መከላከያ ክትባት ነው። ሙቀትን በተሻለ የሚቋቋመውና ቢሾፍቱ ላይ የሚመረተው በዓይን ጠብታ የሚሰጥ ክትባት ለገጠር የሚስማማ ነው። አንዲት ጠብታ በአንድ ዓይን ላይ ትበቃለች። በየሦስትና አራት ወሩ መደገም ግን አለበት። ዝናቡ ከመግባቱና የበዓል ገበያ ዶሮን ከቦታ ቦታ ማንቀሳቀስ ከመጀመሩ በፊት መስጠቱም ትርጉም አለው።

ክትባቱ ካለ ለምን ወደ ጓሮ አይደርስም? ዋናው እንቅፋት ዋጋው አይደለም። አንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚሆን ስለሆነና አንዴ ከተበጠበጠ በዚያው ቀን ማለቅ ስላለበት፣ አሥር ዶሮ ላላት እናት ባለሙያው ብልቃጥ አይከፍትም። መፍትሔው በጎጥ ደረጃ የክትባት ቀን መወሰን ነው። ለከብት ክትባት ቀን ይነገራል፤ ሕዝቡም ከብቱን ይነዳል። ለዶሮም በዓመት ሦስት ጊዜ ተመሳሳይ ቀን ቢነገርና ማታ ከቆጥ ላይ ሳይወርዱ በፊት ዶሮዎቹ ቢያዙ አንድ የሠለጠነ የመንደር ክትባት ሰጪ በአንድ ጠዋት ብዙ ቤት ማዳረስ ይችላል። ይህን ሥራ ሴት ወጣቶች ቢይዙት ለእነሱም ገቢ ይሆናል።

የማሽኑ ነገር

የወጣቶች ማኅበራት አነስተኛ መፈልፈያ ማሽን እንዲያገኙ የሚደረገው ጥረትም በጥንቃቄ ሊታይ ይገባዋል። አገር ውስጥ በብረታ ብረትና በእንጨት ሥራ ቤቶች የሚሠሩት ማሽኖች ለጥገና ይቀላሉ፤ ሊበረታቱ ይገባል። ሆኖም ማሽን ለሦስት ሳምንታት ያለ ማቋረጥ የሚሠራ ነገር ነው። አየር የሚያዘዋውር ማራገቢያ ያለው ማሽን ሙቀቱ 37.5 ዲግሪ አካባቢ መሆን አለበት። እርጥበቱ እስከ 18ኛው ቀን ከ50 እስከ 55 በመቶ፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት ወደ 65 በመቶና ከዚያ በላይ ያስፈልገዋል። እንቁላሉ በቀን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይገለበጣል፤ ከ18ኛው ቀን በኋላ አይነካም።

መብራት ለአጭር ጊዜ ሲጠፋ ማሽኑን ሳይከፍቱ በብርድ ልብስ ሸፍኖ ማቆየት ሽሉን ያተርፈዋል። ሙቀቱ መቀነሱ ከመጨመሩ ይልቅ ጉዳቱ ያነሰ ነው፤ ከ40 ዲግሪ በላይ ለጥቂት ሰዓት መቆየት ግን የሙሉ ማሽን እንቁላል ይገድላል። ረጅም ሰዓት መብራት በሚጠፋበት ከተማ ያለ መጠባበቂያ ኃይል ማሽን መስጠት ለወጣቱ ዕዳ መስጠት ነው። በ19ኛው ቀን ማታ የጠፋ መብራት የሦስት ሳምንት ድካምና የመቶዎች እንቁላል ዋጋ ይዞ ይሄዳል። ብድሩ ግን አብሮ አይሄድም። ማሽን የሚሰጥ ፕሮጀክት የመጠባበቂያ ኃይልን ዋጋ ከመጀመሪያው ማስላት አለበት። ይህ የማይቻል ከሆነ ወጣቶቹን ለአካባቢው እናቶች የሚሆን ፍሬያማ እንቁላል አምራችና አቅራቢ ማድረግ የተሻለ ነው።

የትኛው ዝርያ ይፈልፈል?

እዚህ ላይ መስተካከል ያለበት አንድ ግንዛቤ አለ። እንደ ቦቫንስ ብራውን ያሉ ድቅል እንቁላል ጣይ ዶሮዎች የማቀፍ ጠባያቸው በምርጫ እንዲጠፋ የተደረጉ ናቸው። እንደ ሳሶ ያሉት ድቅሎችም እንቁላላቸው ቢፈለፈል ልጆቹ እናታቸውን አይመስሉም፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ፣ አንዷ ጥሩ ጣይ፣ ሌላዋ ደካማ ይሆናሉ። አርሶ አደሩ ይህን ሳይነገረው ሲቀር "ዝርያው ተበላሸ" ይላል። ከደቡብ አፍሪካ የመጣው ኮኮክ ግን ራሱን የቻለ ዝርያ ስለሆነ እንቁላሉ ሲፈለፈል ልጆቹም ኮኮክ ናቸው። በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል በምርጫ የተሻሻለው ሆሮም እንዲሁ። ለቤት ውስጥ ፍልፈላ የሚሆነው ይህን የመሰለው ነው፤ የሐበሻዋ ዶሮ ታቅፋ ታሞቀዋለች።

በዚህ መካከል መጥፋት የሌለበትም አለ። ከአዊ አካባቢ የሚታወቀው የጥሊሊ ዶሮ በአርሶ አደሩ እጅ ተጠብቆ የቆየ ሀብት ነው። ከዚህ ቀደም የውጭ አውራ ዶሮ እየተሰጠ የአካባቢውን አውራ ማስወገድ የዶሮ ልማት መንገድ ተደርጎ ተወስዶ ነበር። በሽታ የሚችል፣ ጭሮ የሚያድርና ጫጩት የሚያሳድግ ዝርያ በዚህ መንገድ ከጠፋ የሚመልሰው መፈልፈያ የለም። የጥሊሊ ባለቤቶች ከራሳቸው መካከል ምርጡን አውራ እንዲያስቀሩ፣ ምርጥ ጣይዋን እንዲያስታቅፉ ማገዝ ዝርያውንም ገቢውንም ይጠብቃል።

ጾሙንና በዓሉን ማስላት

የዶሮ ገበያ ከዓመት በዓልና ከጾም ጋር የተሳሰረ ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ክርስቲያን በሚበዛበት አካባቢ እንቁላል ፈላጊ ያጣል፤ ዋጋውም ይወርዳል። ብዙ እናቶች በዚህ ጊዜ እንቁላሉን በርካሽ ይሸጣሉ። ያን ጊዜ ማስታቀፍ ግን ሁለት ጥቅም አለው። ወቅቱ በጋ በመሆኑ ጫጩት በዝናብና በብርድ አይጎዳም። በየካቲት አጋማሽ የታቀፈ እንቁላል በመጋቢት መጀመሪያ ይፈለፈላል። ጫጩቱ ክረምቱ ሲጠነክር አራት ወር ያህል ሆኖታል። ስድስት ወር ሲሞላው እንቁጣጣሽና መስቀል ይደርሳሉ። በመስከረም መጀመሪያ የታቀፈው ደግሞ ለፋሲካ ይደርሳል። በጾም ርካሽ የነበረ እንቁላል በበዓል ውድ ዶሮ ሆኖ ይወጣል ማለት ነው። ይህን የዘመን ስሌት በግብርና ጽሕፈት ቤቶች የሥራ መርሃ ግብር ውስጥ ማካተት ምንም ወጪ የለውም።

ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ፣ የአንዳሳና የኮምቦልቻ ማዕከላትን የመሰሉ የዶሮ ማባዣ ተቋማት ከጫጩት በተጨማሪ አውራ የነካው ፍሬያማ እንቁላል በዕቅድ ለወረዳ ማቅረብ ቢጀምሩ ሥርጭቱ ይሰፋል። እንቁላል በጥንቃቄ ከተሸከፈ ከጫጩት ይልቅ ለማጓጓዝ ይቀላል። መንገድ ላይ አይራብም፣ አይጠማም። በሚደርስበት ቤት የምትጠብቀው ታቃፊ ዶሮ ግን አስቀድማ መታወቅ አለባት። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ታቃፊ ያላቸውን ቤቶች መዝግቦ እንቁላሉን በዚያ ልክ ማዘዝ ይኖርበታል።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ሥልጠናው ወደ ትክክለኛው ሰው ይሂድ። ዶሮዋን የምታስታቅፈው፣ ጥሬ የምትበትነው፣ ጭልፊት ስታይ የምትጮኸው እናት ናት። ወደ ሥልጠና አዳራሽ የሚጠራው ግን ብዙ ጊዜ የቤቱ አባወራ ነው። ከእንቁላል የሚገኘው ገንዘብ ለጨው፣ ለዘይት፣ ለልጅ ደብተርና ለሕክምና የሚውለው በእናት እጅ ሲገባ ነው። ጉዳዩ እሷን የሚመለከት ከሆነ ሥልጠናውም በእሷ ሰዓት፣ በእሷ ሰፈር ሊሰጥ ይገባል።

በሦስተኛ ደረጃ፣ ሪፖርቱ ይለወጥ። የተሰራጨውን ብቻ የሚቆጥር ሪፖርት ሥርጭት ሲያድግ ልማት ያደገ ያስመስላል። ከተሰራጨውም፣ በቤት ከተፈለፈለውም ሁለት ወር የሞላው ስንት እንደሆነ ቢቆጠር ወረዳዎች ለክትባትና ለሣር ሣጥን የሚሰጡት ትኩረት በአንድ ዓመት ይለወጣል። የሚቆጠር ነገር ይሠራል፤ የማይቆጠር ይረሳል።

ይህ ሁሉ በመቶ ሺዎች ብር የሚቆጠር ወጪ አይጠይቅም። የሚያስፈልገው ጥቂት ሣር፣ ጥቂት እንጨት፣ በወቅቱ የደረሰ ብልቃጥና ጎረቤታሞችን የሚያስተባብር ባለሙያ ነው። አንዲት እናት ካስታቀፈቻቸው 12 እንቁላሎች ዘጠኝ ጫጩት ተፈልፍሎ ለገበያ የሚደርስላት አራት ብቻ ከሆነ፣ ሰባት እንዲደርስላት ማድረግ በዚያ ቤት የዶሮ ሀብቱን በእጥፍ ሊጠጋ በሚችል መጠን ማሳደግ ነው። ሌላ ጫጩት ከመከፋፈሉ በፊት ይህ ቢታሰብ፣ የሚከፋፈለውም ጫጩት የሚገባው ዶሮ ማቆየት ወደሚያውቅ ቤት ይሆናል።